ሪሞት የታላቅ ነው

ነይ የዶንግሱ እናት፣ ነይ ግቢ! በሩን ቶሎ ዝጊው፣ ቅዝቃዜው ይወጣል። ጫማሽን እዚያው ተዪው፣ ማን ይነካዋል። ውይ ላብሽ! ፊትሽ ቲማቲም መስሏል እኮ። ቡሳን ልጅሽ ጋ ሳምንት ሙሉ በባሕር ንፋስ ተንደላቅቀሽ፣ በዚህ በዴጉ ሙቀት ላይ ትመለሻለሽ? የልጅ ልጅሽስ፣ ሳሏ ተሻላት? እሰይ፣ እሰይ። እንቺ ሐብሐብ ቅመሺ። ከመሃሉ አይደለም፤ መሃሉ የታላቅ ድርሻ ነው፣ የክፍላችንን ደንብ ታውቂዋለሽ። ግን የዳሩም ይጣፍጣል። እኔ ከለመድኩት አምስት ዓመቴ ነው።

ቀስ እያልን እናውራ። ኤሲው ሥር የተኙ ሰው አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው… አየሻቸው? ከዓርብ ጀምሮ እንዲህ ናቸው። ይመጣሉ፣ ይተኛሉ፣ ተነሥተው ቤታቸው ይሄዳሉ። ምን ይደረግ፣ ሙቀቱ ነው። እኔ ስለ እሳቸው አይደለም የማወራሽ፤ እንዳይመስልሽ። እንዲሁ ስለ ሳምንቱ ነው።

ሳምንቱማ… ሰኞ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ፣ ማክሰኞ ሠላሳ ስምንት። ቤቴ ያለው ማራገቢያ የሚነፋው ትኩስ አየር ነው፤ ምድጃ ፊት መቀመጥ ይሻላል። ቴሌቪዥኔም በዚሁ ሙቀት ድምፁ ጠፋ። ምስሉ አለ፣ ሰዎቹ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ድምፅ የሚባል ነገር የለም። እንዲህ ሲሆን ሰው ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ሕንፃችን ሥር፣ የአዛውንቶች ክፍል ውስጥ ነው የሚውለው። ኤሲ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፣ ምንጣፍ አለ፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ስልኮቹን ግን ማን ይቻላቸው? ገና ሸለብ ሲያደርገን አሥራ አምስቱም ስልክ በአንድ ጊዜ ያምባርቃል። ምንድነው? የመንግሥት ማስጠንቀቂያ፤ ‘ከባድ ሙቀት ነው፣ ጥላ ሥር ሆናችሁ ውኃ ጠጡ።’ እኛ ጥላ ሥር ሆነን ውኃ እየጠጣን ነበር እኮ! በድንጋጤ ውኃው በላዬ ላይ ፈሰሰ። ረቡዕ ደግሞ ሌላ መጣ፤ ‘አንዲት የሰማንያ ዓመት እናት ከቤት ወጥተው ጠፍተዋል፤ ቁመታቸው አንድ ሜትር ከሃምሳ፣ አጭር የተጠቀለለ ፀጉር፣ አበባ ያለው ሸሚዝ፣ የላስቲክ ሱሪ።’ ሁላችንም እርስ በእርስ ተያየን። ሁላችንም ነን እኮ! ጸሐፊያችን ተነሥታ ቆጠረችን፣ ማንም አልጎደለም።

ደግነቱ በስልክ ግሩፓችን ውስጥ የሚያጽናና ሰው አይጠፋም። አንዲት ትልቅ ሰው አሉ… ስም አልጠራም፣ ስም መጥራት ደስ አይለኝም። ገና ወፍ ሳይንጫጫ የአበባ ሥዕል ይልኩልናል፤ ጽጌረዳ፣ ከሥሩ ‘ዛሬም ደስ የሚል ቀን ይሁንላችሁ’። ከዚያ ሱፍ አበባ። ከዚያ የምትዘል ድመት። በሙቀት እስኪነጋ ስትገላበጪ አድረሽ፣ ገና ዓይንሽ ከደን ሲል… ጽጌረዳ! ስንት ሰው አለ እንደዚህ ለሌላው የሚያስብ? ስልክ ሲያወሩም ደግሞ ድምፁን ከፍተው ነው፣ ማንም እንዳይቀርበት። የምራታቸው እናት ሐሞት ከረጢቷን ያስወጣችበትን ቀን ጠይቂኝ፣ እነግርሻለሁ። የራሴ ጉልበት የተሠራበትን ቀን ግን ረስቼዋለሁ።

ደግሞ መልክ! ሰማንያ ሁለት ዓመት ነው የሚሉት። ሰማንያ ሁለት! ቆዳ አይተሻል? ጥርስ? ሊፍት የተበላሸ ዕለት ስድስት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው፣ ላይ ሆነው ‘አይዟችሁ ልጆች’ ይሉናል። እኔ ሰማንያ ዓመቴ ነው፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ፈጣሪ ለወደደው ሰው እንዲህ አድርጎ ጊዜን ወደ ኋላ ይነዳለታል።

መጀመሪያ የመጡ ዕለት ትዝ ይለኛል። አንቺ ያኔ ገና አልገባሽም። የቀድሞዋ ታላቃችን ያረፉ ሰሞን ነበር፣ ሪሞቱም የኤሲው ሥፍራም በደንቡ ወደ እኔ መጣ። ሁለት ወር እንኳ አልያዝኩትም። አዲስ ሰው ሲገባ ዓመት ይጠየቃል፣ ማን ማንን ‘እትዬ’ እንደሚል ይለይ ዘንድ። እኔ የዋህ ቀድሜ ‘የተወለድኩት በውሻ ዓመት፣ በአሥራ ዘጠኝ አርባ ስድስት’ አልኩ። እሳቸው አንድ ጊዜ እኔን አዩ፣ አንድ ጊዜ ሪሞቱን አዩ… ‘የዝንጀሮ ዓመት፣ አርባ አራት’ አሉ። ‘መታወቂያዬን ግን አትመኑት፤ አባቴ አዘግይቶ ነው ያስመዘገበኝ።’ ምን ይባላል? በዚያ ዘመን የማን አባት አላዘገየም? የእኔም አባት ስድስት ወር ጠብቆ ነው፤ ሕፃን አይበረክትም ነበር። ተነሣሁ፣ ሪሞቱን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው፣ ‘እትዬ’ አልኳቸው። እሳቸውም አላሳፈሩኝም፤ ያለ አንዳች ማመንታት ተቀበሉኝ።

እንግዲህ ሐሙስ… ስለ ሐሙስ አልሰማሽም አይደል?

እህቴን ኦክብንን በወሬ ታውቂያታለሽ፤ ናምሄ ደሴት ነጭ ሽንኩርት የምታበቅለዋን። ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው። ጆሮዋ ከደነቆረ ቆይቷል፤ ስደውል እኔ እጮሃለሁ፣ እሷ ‘ማነው? ማነው?’ ትላለች፣ ይዘጋል። ደብዳቤ እንዳልጽፍላት ፊደል አልቆጠረችም። ልሄድ ብል ይሄ ጉልበቴ አራት ሰዓት ለሚፈጅ አውቶቡስ አይታጠፍም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከእህቴ ጋር አንድ ቃል አልተለዋወጥንም፣ ሦስት ዓመት። ታዲያ ማክሰኞ ጎረቤቷ ደውሎ ምን አለኝ? የቴሌቪዥን ሰዎች መጥተው መንደሩን ቀረጹ። መጨረሻ ላይ ‘ለሩቅ ዘመድ መልእክት ያላችሁ’ ሲባል ኦክብን ሰዉን ገፍታ ካሜራው ፊት ቆማ ‘ማልሱን!’ ብላ ጮኸች። የእኔን ስም! ሐሙስ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይታያል አለኝ።

ለሰው ሁሉ ተናገርኩ። ረቡዕ ተናገርኩ፣ ሐሙስ ጠዋትም ተናገርኩ። ለእኒያ ለነገርኩሽ ትልቅ ሰው ደግሞ የሐብሐቡን መሃል አቅርቤ ለብቻቸው ተናገርኩ። ‘እንዴታ! አብረን እናያለን እንጂ’ አሉኝ። ፀጉሬን ተሠራሁ የዶንግሱ እናት። ሳቂብኝ። እሷ የምታየኝ ይመስል ሸሚዝ ቀየርኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ፕሮግራሙ ጀመረ። ደሴቱ ታየ፣ ዓሣው ሲሰጣ፣ መንገዱ፣ የልጅነት መንገዳችን እኮ ነው! በዚህ መሃል… እኒያ ሰው ሰሞኑን የስማርት ስልክ ትምህርት ገብተው የለ? ስልክ ላይ ያለውን ወደ ቴሌቪዥን መወርወር ተምረዋል። ትጉ ናቸው፤ በዚያ እድሜ የሚማር ስንት ሰው አለ? ደሴቱ ድርግም አለና ያ ነጭ ኮት የሚለብሰው ዘፋኝ በግድግዳው ሙሉ ተገተረ። ‘አንድ ዘፈን ብቻ፣ ተምሬዋለሁ ላሳያችሁ’ አሉ። ‘እትዬ፣ እህቴ…’ አልኩ። ‘ትደርሳለች’ አሉ። ዘፈኑ ሦስት አንቀጽ አለው። መሃሉ ላይ ዘፋኙ ያለቅሳል፣ እንባውን ይጠርጋል፣ እንደገና ይጀምራል። እጄን ወደ ሪሞቱ ብሰድ ምን አሉኝ መሰለሽ? ‘ከታላቅ እጅ ላይ ሪሞት ይነጠቃል እንዴ?’ እውነታቸውን ነው። አይነጠቅም። እጄን መለስኩ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ስልካቸው ግሎ እምቢ አለ። ስክሪኑ ላይ ያ ክብ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል… ቴሌቪዥኑን አይለቅም። ጸሐፊያችን ገመድ ነቅላ ሰክታ፣ በመጨረሻ ሲመለስ ያየሁት እጅ ብቻ ነው። የእህቴን እጅ፣ ነጭ ሽንኩርት እንደጨበጠ ሲውለበለብ። ከዚያ የአየር ጠባይ ካርታ መጣ፤ ዴጉ ሠላሳ ስምንት።

አለቀስሽ ወይ ብትዪኝ ላብ ነው እልሻለሁ። በዚያ ሙቀት ማን ይለየዋል? ግን ልዋሽሽ አልችልም፣ ልቤ ተሰበረ። ሰማንያ ስምንት ዓመቷ እኮ ነው። ሌላ የቴሌቪዥን ሰው እስኪመጣ ትጠብቀኛለች?

ጸሐፊያችን መቼም ብልህ ናት፣ ‘ያለፈውን መልሶ የሚያሳይ ቦታ አለው እኮ’ አለች። ገባች፣ አገኘችው፣ ተጫነችው… የሚስጥር ቁጥር ጠየቀ። አራት ቁጥር። ማን ነው የዘጋው? በፀደይ የሰው የልጅ ልጅ መጥቶ በክፍያ የሚታይ ፊልም እንዳያዝ ብለው የዘጉት እኒያው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ‘የተወለድኩበትን ዓመት አድርጌዋለሁ፣ አልረሳውም’ ያሉትን ጸሐፊዋ ራሷ ሰምታለች። እንግዲያማ ቀላል ነው! አንድ ዘጠኝ አራት አራት። እምቢ አለ። ‘ደግመሽ ሞክሪ’ አልኳት። እምቢ። እኒያ ሰው ‘ሪሲቨሩ ሞቆት ነው’ አሉ። ኤሲ ሥር የተቀመጠ ሪሲቨር! ጸሐፊያችን ደግሞ አብራቸው ፓርክ ኳስ ለመምታት ትሄዳለች፤ እዚያ ወንዶቹ ፊት የተወለዱበትን ዓመት ስንት እንደሚሉ ትሰማለች መሰለኝ፣ ‘ምናልባት ሃምሳ አንድ ይሆን?’ ብላ እሱን መታች። እሱንም እምቢ አለ። ‘አንድ ጊዜ ብቻ ቀርቷችኋል፣ ከዚያ ይቆለፋል’ ብሎ ጻፈ።

ያን ጊዜ ዞር ብዬ አየኋቸው። ‘እትዬ’ አልኩ፣ ‘እህቴ ናት፤ ቁጥሩን ባይነግሩንም ራስዎ ይምቱት፣ እኛ ፊታችንን እናዞራለን።’ ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ሴትዮዋ ማራገቢያቸውን አነሡ። ‘ረስቼዋለሁ፣ ሰው ሲያረጅ ይረሳል’ ብለው ወደ መጸዳጃ ቤት ሄዱ። ሰው ግን የተወለደበትን ዓመት ይረሳል? እኔ ሰማንያ ዓመቴ ነው፣ ቁልፌን እረሳለሁ፣ መድኃኒቴን እረሳለሁ… የተወለድኩበትን ዓመት ለመርሳት ገና ብዙ መማር ይቀረኛል።

ዓርብ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ መጣሁ። ማንም የለም። ጋዜጣው በሩ ሥር ወድቋል፤ አነሣሁትና የዕለቱን እድል በየትውልድ ዓመቱ የሚያወጣበትን ገጽ ገለጥኩ። በየጠዋቱ እኮ እሳቸው ናቸው ጮክ ብለው የሚያነቡልን፤ ይሄም ደግነታቸው ነው። ‘የውሻ ዓመት፣ አርባ ስድስት፤ ከሰው አትጋጩ’፣ ይሄ የእኔ ነው። ‘የዝንጀሮ ዓመት፣ አርባ አራት’ን በሩጫ ያነቡታል፣ እንደ ባዕድ። የአይጥ ዓመት ላይ ሲደርሱ ግን… ድምፃቸው ይጠፋል። መነጽራቸውን ያስተካክላሉ። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። አምስት ዓመት አይቼው አንድም ቀን አልገረመኝም። በዚህ ክፍል ውስጥ የአይጥ ዓመት ሰው የለም እኮ የዶንግሱ እናት! ታዲያ ለማን ነው የሚያነቡት?

ገጹን ወረድ ብዬ አየሁ። አይጥ፣ አርባ ስምንት። ሪሞቱን አነሣሁ፣ ባለቤቱ ስለሌለ። አንድ… ዘጠኝ… አራት… ስምንት መታሁ።

ተከፈተ።

አንዳች ድምፅ እንኳ አላሰማም፣ እንደ ጨዋ ሰው ዝም ብሎ ተከፈተ። አርባ ስምንት! ከእኔ ሁለት ዓመት ታንሳለች ማለት እኮ ነው… ይቅርታ፣ ‘ታንሳለች’ አልኩ እንዴ? አፌ ነው። አባቷ አዘግይተው ስላስመዘገቧት ነው ትዪኝ ይሆናል። አራት ዓመት? የአራት ዓመት ልጅ እኮ ራሷ ሄዳ ትመዘገባለች! ደግሞስ መታወቂያ ይሳሳት፤ ሰው የራሱን ኮከብ ትቶ የሌላ ሰው እድል በየጠዋቱ ሁለት ጊዜ ያነባል?

እህቴን አየኋት። አርጅታለች። ግን ያው ናት፣ ያው ቁጡ። ካሜራውን በጣቷ እየጠቆመች፣ ‘ማልሱን! አንቺ! ስልክ አትደውዪ፣ አይሰማኝም፣ ገንዘብሽን አትጨርሺ። ነጭ ሽንኩርት ልኬልሻለሁ፣ አትቆጥቢው፣ ብዪው። ጉልበትሽን አልብሺው’ አለች። ሰውዬው የበቃ መስሎት ማይኩን ሊወስድ ሲል ያዘችበት። ‘ደግሞ ታናሼ ነሽ’ አለች፣ ‘ከእኔ በፊት እንዳትሄጂ። ተራሽን ጠብቂ።’ ከዚያ ሳቀች፣ ጥርስ የላትም። እጇን አውለበለበች። ሦስት ጊዜ መልሼ አየሁት። እዚህ ባዶ ክፍል ውስጥ ቆሜ፣ ‘እሺ ኦክብን፣ እጠብቃለሁ’ እያልኩ መለስኩላት፣ እንደ እብድ።

ሰው መምጣት ሲጀምር አጠፋሁት። እሳቸውም መጡ፣ ሥፍራቸው ላይ ተቀመጡ። ተጣላሻቸው ወይ? ምን በወጣኝ! ሪሞቱን እንደ ደንቡ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። ቴሌቪዥኑን ሲከፍቱት መልሶ የሚያሳየው ቦታ እንደተከፈተ ነው፤ የእህቴ ፊት እዚያው ቆሞ ያያቸዋል። ‘ሪሲቨሩ… ዳነ እንዴ?’ አሉኝ። ‘ዳነ እትዬ’ አልኩ፣ ‘ዓመቱን ስነግረው ወዲያው ዳነ።’ ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ለአንቺ ነው፤ አንቺ ደግሞ ወሬ አታመላልሺም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ በዝቷል በዚህ ክፍል። የንጋቱም ጽጌረዳ ቀርቷል፤ ስልኬ ተበላሽቶ እንደሆን ብዬ ሁለት ጊዜ አየሁት።

ምን አልሽ? ‘ሪሞቱን ተረከቢ’? ኧረ ተዪኝ። እህቴ ‘ተራሽን ጠብቂ’ ካለችኝ በኋላ ነገሩ ሌላ ሆኖ ታየኝ። ታላቅነት ሰልፍ እኮ ነው። ፊት የቆመው ሪሞት ይይዛል፣ የሐብሐቡን መሃል ይበላል፣ ኤሲ ሥር ይተኛል፤ እሺ፣ ይሁን። ግን ሰልፉ ወዴት ነው የሚሄደው? ይህን ያሰበ ሰው አሥራ አምስት አሮጊት ቀድሞ ከፊት ይሰለፋል? የሞት ጠሪው አንድ ቀን በዚያ በር ብቅ ብሎ ‘ታላቃችሁ ማናት?’ ቢል፣ እኔ ደንብ አክባሪዋ በሁለት እጄ ወዴት ነበር የምጠቁመው? ሁላችሁስ ወዴት ነበር የምትጠቁሙት? አምስት ዓመት ሙሉ ለእኔ የተቆረጠውን ቀን ልትሸከምልኝ ከፊቴ ቆማ ነበር እኮ፣ እኔ ደግሞ ስለ ሐብሐብ አኮርፋለሁ! ውለታዋን ሳላውቅ መቅረቴ ያሳፍረኛል።

አሁን ግን ካወቅኩ በኋላ አይሆንም። ታላቋ እኔ ነኝ፣ የምቀድመው እኔ ነኝ፤ እሷ ተራዋን ትጠብቅ። ሪሞቱም እዚያው ራስጌዋ ይሁን። ታናሽ የጨበጠውን ነገር መቀማት ደግ አይደለም፣ ያለቅሳል። የእኔም እናት ‘ተይላት፣ ትንሽ ናት’ ትል ነበር።

እስቲ ያን አንሶላ ሳብ አድርጊላት የዶንግሱ እናት፣ ኤሲው ጆሮዋ ላይ ነው የሚነፋው። ቀስ… እንዳትነቃ። አየሽ ሽፋሽፍቷ ሲርገበገብ? ጆሮዋም ቀልቷል፣ ሞቋት ይሆናል። ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው፣ ምንም አሳብ የሌለበት! ፀጉሯን ከፊቷ ላይ መለስ አድርጊላት እስቲ። እኔን… ስታሳዝን። ከክፉ ዓይን ይጠብቅልን፣ በጤና ያሳድግልን።